የጎደለው በአሸዋ ይሞላል

ጥቅምት 9

ወንድም ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ ረዳትህ ሲሰጥህ ፊቱን አኮሳትሮ እንደሚሆን ከአሁኑ ይታየኛል። ባለፈው አንተ በማትነዳበት ቀን ከሌላ ሾፌር ጋር ወደዚህ ሲመጣ መናኸሪያ ሄጄ ሳቀብለው «እኔ የአውቶቡስ ረዳት ነኝ ወይስ ፖስተኛ?» ብሎኛል። ከዚያ ግን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና እንዳይወድቅ ከላይ መታ መታ አደረገው። በስልክ እንዳላወራህ እማዬ ድምፁን ለቃ ጠረጴዛው መሃል ነው የምታስቀምጠው፤ ለእሷ የማይነገር ነገር በወረቀት ካልሆነ በምን ይነገራል? አንተም፣ እሷም፣ አውቶቡሱም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ።

የጠየቅከኝ ነገር እውነት ነው። ማን ቀድሞኝ እንደነገረህ ባላውቅም፣ አዎ፣ የቡድናችን መኪና ሾፌር እኔ ነኝ።

መኪና ስልህ ያንተን አውቶቡስ እንዳታስብ። አንድ ሰው ብቻ ጋደም ብሎ የሚገባበት፣ ጀርባው በሙሉ በሶላር ፓነል የተሸፈነ፣ ከጎን ሲያዩት የተደፋ ገበቴ የሚመስል ነገር ነው። ነዳጅ አይጠጣም። ፀሐይ የሰጠችውን ባትሪው ይይዛል፣ ባትሪው የያዘውን ሞተሩ ይበላል፣ በቃ። የምንነድፈውም የምንሠራውም እኛው ተማሪዎቹ ነን። በግንቦት የየዩኒቨርሲቲው ቡድን የሠራውን ይዞ በረሃውን በሚያቋርጠው አውራ ጎዳና ላይ ይወዳደራል፤ ውድድሩ ቀናት ይፈጃል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ሁሉም የደረሰበት ቆሞ ያድራል። የእኛ ዩኒቨርሲቲ ሲወዳደር ይህ የመጀመሪያው ነው።

ለምን እኔ ተመረጥኩ? በችሎታ እንዳይመስልህ። የቡድኑ አለቃ፣ ካፒቴን የምንለው፣ ሁላችንን አሰልፎ አየንና «ወንበሩ ውስጥ ሳትታጠፍ የምትገባው እሷ ብቻ ናት» አለ። ይኸው ነው። ስንት ዓመት ፌንጣ እያልክ ስትስቅብኝ የኖርከው ለካ ለዛሬ ኖሯል።

ደግሞ የዚህን ቤት ልማድ ልንገርህ። ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ አንድ ነጭ ሰሌዳ አለ። ከመኪናዋ ላይ ክብደት የቀነሰ ሰው ሁሉ ምን ያህል እንደቀነሰ ከነስሙ እዚያ ላይ ይጽፋል። ብሎን ያሳጠረ፣ ብረት የበሳ፣ ትርፍ ሽቦ የቆረጠ። ጽፎ ሲጨርስ በመፍቻ የጠረጴዛውን እግር አንዴ ይመታል፣ ሁላችንም ሥራችንን አቁመን እናጨበጭባለን። የሚቀነሰው ግራም ነው፤ ግን መኪናዋ በቀለለች ቁጥር ከአንድ ቀን ፀሐይ ብዙ መንገድ እናወጣለን። የካፒቴን ስም ተጽፏል። ዳኛው የምንለው፣ የውድድሩን ደንብ የሚያጠናልን ልጅ፣ የእሱም ተጽፏል። ቁምሳጥን የምንለው ግዙፉ ልጅ እንኳ ሁለቴ ተጨብጭቦለታል። የእኔ ስም የለም። የነደፍኩት የወንበሩን ማቆሚያ ነበር፤ «ከብዷል» ተብሎ ወደቀ። ከፍቶኛል፣ አልዋሽህም።

ለእማዬ እንዳትነግራት። አባባ መንገድ ላይ ከቀረ በኋላ «ለዚህ ቤት አንድ መሪ ይበቃዋል» እንዳለች ነው። እውነት ጥፋቱ የመንገዱ ነበር? እኔ አይመስለኝም። ወረቀት ላይ መስመር ታሰምራለች በላት። ጨርሶ ውሸትም አይደለም፤ አልፎ አልፎ አሰምራለሁ።

ፌንጣህ


ጥቅምት 24

ፌንጣዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ፣ እማዬም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት፣ አውቶቡሱ ግን ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ያለቅሳል። ጋራዥ ያሉት «ለምዶበት ነው፣ ተወው» ይሉኛል።

ደብዳቤሽን መሪው ላይ አስደግፌ አነበብኩት። ረዳቴ «ምን ሆነህ ነው ብቻህን የምትስቀው?» አለኝ። እንዴት አልስቅ? ልጅቷ ትማርና ከዚህ ሥራ ትገላገል ብለን ስንት ደክመን፣ ዞራ ዞራ ሾፌር ሆና አረፈችው! ያውም ረዳት በሌለው መኪና።

እማዬን እንዳልሽኝ አልኳት። መስመር ታሰምራለች ስላት «ዓይኗን እንዳታጠፋ መብራቱን ያጉሉላት» አለችኝ። እንዲህ የምትል ሴት መዋሸት ቀላል እንዳይመስልሽ። ኃጢአቱ ባንቺ ነው።

ስለ አባባ የጠየቅሽኝን ልመልስ። አልተሳሳትሽም፤ ያን ቀን ጥፋቱ የመንገዱ አልነበረም። እማዬ «መንገድ በላው» ትላለች፣ እኔም አላርማትም። በቂ እንቅልፍ ሳይተኛ፣ ከማለዳ ጀምሮ እህል በአፉ ሳይዞር ሲነዳ ውሎ ነው መሪው ላይ የደከመው። አብሮት የነበረው ሰው ነገረኝ። አንቺ ያኔ ሕፃን ነበርሽ፣ ሳንነግርሽ ቀረን። ከዚያ ወዲህ እኔ ያለኝ ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ ርቦኝ ወይ እንቅልፍ ይዞኝ መሪ አልነካም። ተሳፋሪው ቢጮህ፣ አለቃዬ ቢደነፋ፣ አቁሜ እበላለሁ። ሌላውን የመንዳት ጥበብ እነዚያ የተማሩ ጓደኞችሽ ያስተምሩሽ፤ ይቺን ግን ከእኔ ያዢ።

እማዬ በካርቶን ስንቅ ልካለች። ረዳቴ ሲሸከመው ያለውን ባልነግርሽ ይሻላል። ለጓደኞችሽ ማቅመስ እንጂ ማብላት አልተፈቀደልሽም፣ ቃሉ የእሷ ነው። እንደደረሰሽ መብላትሽን ጻፊ፣ ፎቶም ላኪ፤ በየቀኑ ነው የምትጨቀጭቀኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 30

ወንድም ጋሼ፣

ዘገየሁብህ። ሰበብ ልደርድር ብዬ ጀምሬ ነበር፣ አላማረልኝም፤ ዝም ብለህ ይቅር በለኝ።

ካርቶኑ ደርሷል። በልተሻል ወይ ላልከኝ፣ ካርቶኑ ባዶ ነው፣ ይህን ለእማዬ ንገራት። ቁምሳጥን «እናትሽ ሌላ ልጅ አይፈልጉም?» ብሏል። ስለ አባባ የጻፍክልኝን ደግሞ ደጋግሜ አነበብኩት። ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ።

አሁን ደስ የሚለውን ልንገርህ፤ ስሜ ሰሌዳው ላይ ወጣ! አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁሉም የሚቀንሱት ነገር አጥተው ቁጭ ብለው ነበር። ካፒቴን «ከእንግዲህ ከዚች መኪና ላይ የሚላጥ ነገር የለም» አለ። እኔ ተነሳሁና «ሾፌር» ብዬ ጻፍኩ፣ ከጎኑ የቀነስኩትን፣ ከሥሩ ስሜን። ኪሎ እኮ ነው፣ ግራም አይደለም! መፍቻውን አንስቼ የጠረጴዛውን እግር መታሁት። እንደዚያ ሲጨበጨብ ሰምቼ አላውቅም። ቁምሳጥን ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ አስቀመጠኝ፣ ስቆ የማያውቀው ዳኛው ሳይቀር ሳቀ። በወረቀት ያቃተኝን በገዛ ሰውነቴ ሠራሁት፣ ጋሼ። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው የድሮውን ቁጥር እያጠፋሁ አዲስ እጽፋለሁ፣ እነሱም ያጨበጭባሉ።

እንዳትቆጣ። ትንሽ ቀነስ አድርጌ ነው የምበላው፣ እስከ ውድድሩ ብቻ።

ለዕረፍት አልመጣም፣ ሥራው አላለቀም። ሁለት ሹራብ ደርቤ ነው የምጽፍልህ። ሌሎቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው ይሠራሉ፣ የሚበርደኝ እኔን ብቻ ነው። ላኪ ያልከኝን ፎቶ ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ።

ፌንጣህ


ጥር 8

ፌንጣ፣

ፎቶው ደረሰን። መኪናዋን ከፊትም ከኋላም ከጎንም አየናት፤ እውነትም የተደፋ ገበቴ ናት። አንቺ ግን አንዱም ላይ የለሽም። እማዬ ገልብጣ ጀርባውን ሁሉ አየችው። «ልጄ የታለች?» ስትለኝ «የምታነሳው እሷ ሆና ነው» አልኳት። እየለመድኩት መጣሁ መሰለኝ።

የሰሌዳው ነገር አልጣመኝም። ሾፌር ከመቼ ወዲህ ነው እንደ ብሎን የሚሞረደው? በቀደም ሁለት ወንበር የሚሞላ ሰውዬ ተሳፈረ። ረዳቴ ወገቡን ይዞ ከላይ እስከ ታች ሲያየው ሰውዬው «የተሳፈርኩት ልሄድ እንጂ ልመዘን አይደለም» አለው። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። ያን ሰውዬ ላንቺ ብልከው ደስ ባለኝ። አንቺ ከድሮም የሚቀነስ ትርፍ ነገር አልነበረሽም፤ እማዬ ቀሚስሽን በመርፌ ቁልፍ እየያዘች አይደል እንዴ ያሳደገችሽ?

ተናደሽ ከሆነ ተናደጂ። «የሚበርደኝ እኔን ብቻ ነው» ያልሽውን ሁለቴ አነበብኩት። ምን ትበያለሽ፣ መቼ ትበያለሽ፣ ብዬ በስልክ ጠይቄሽ ስለ ባትሪ ነው የመለስሽልኝ። ስለ ባትሪ ማን ጠየቀሽ?

በሚቀጥለው ወር አንቺ ያለሽበትን መስመር ለጥቂት ጊዜ እንድሠራ ተመድቤያለሁ። በዓይኔ ካላየሁሽ አላምንሽም።

ወንድምሽ


የካቲት 3

ጋሼ፣

አትምጣ። ለሙከራ ከከተማ እንወጣለን፣ አታገኘኝም።

ደግሞ ስለ ምግብ መጠየቅህን ብትተወው። እዚህ ሁሉም ሰው አንድ ነገር ይሰጣል። አንዱ ጭንቅላቱን፣ አንዱ እጁን። እኔ የምሰጠው ይህንን ነው፤ ወንበሩንም ያገኘሁት በዚህ ነው። ከወፈርኩ... አይ፣ ተወው።

ያስቀየመኝ ደብዳቤህ አይደለም። ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሰሞኑን ትንሽ ነገር ያስለቅሰኛል። ይቅርታ አድርግልኝ። የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ።


የካቲት 20

ፌንጣ፣

አትምጣ ብትይኝም መጣሁ። ልደብቅሽ አስቤ ነበር፣ አላስችል አለኝ።

ተሳፋሪ አራግፌ እስክንመለስ ጊዜ ነበረን። አውቶቡሱን ከወርክሾፓችሁ ማዶ አቆምኩና የእማዬን ካርቶን ታቅፌ በሩ ላይ ቆምኩ። ዘበኛውን «ለሙከራ ወጥተዋል አሉ» ስለው «ኧረ ማን አለህ? ሁሉም ውስጥ ናቸው» አለኝ። ረዳቴ «እንሂድ፣ እንሂድ» እያለ ሲነጫነጭ ቆሜ ጠበቅኩሽ። ልጆቹ እየተሳሳቁ ወጡ። ቁምሳጥን የምትይውን ሳልጠይቅ አወቅኩት፣ በሩ ጠቦታል። አንቺ የለሽም።

መጨረሻ ላይ አንድ ልጅ ብቻውን ወጣ። የአቧራ ጭምብሉን እስከ ዓይኑ ስቦ፣ ራሱን ተላጭቶ፣ የሌላ ሰው የሚመስል ሰፊ ጃኬት ለብሶ ግድግዳውን እየተደገፈ ይሄዳል። ከሆስፒታል አምልጦ የመጣ ነው የሚመስለው። አንጀቴን በላው። ከእግረኛው መንገድ ወርጄ መንገድ ለቀቅኩለትና «አይዞህ» አልኩት። ቀና ብሎ አይቶኝ አለፈ። ይህን ልጅ እናቱ ብታየው ምን ትል ይሆን እያልኩ ነው እስከ ቤት የነዳሁት።

ካርቶኑን ለዘበኛው ትቼዋለሁ። የት ነበርሽ? ከእኔ የሚያስደብቅሽ ምንድነው? አልቆጣም። መቆጣት ድሮም አልችልበትም፣ ታውቂያለሽ። ብቻ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ግንቦት 4

ጋሼ፣

የላክሃቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ደርሰውኛል። ዝም ያልኩህ የምጽፈው ሁሉ ውሸት እየሆነ ስለመጣብኝ ነው። ዛሬ ግን እውነት የሆነ ነገር አለኝ፣ ለአንተ ካልነገርኩት ለማንም አልነግረውም።

ውድድሩ የሚጀመርበት ከተማ ነው ያለሁት። ነገ ጠዋት እንነሳለን። ዛሬ የሚዛን ቀን ነበር፤ መጀመሪያ መኪናዎቹ ይመዘናሉ፣ ቀጥሎ ሾፌሮቹ። ድንኳን ውስጥ በእማዬ ዕድሜ ያለች፣ መነጽር ያደረገች ሴት ቆማለች። ከነልብሴ ከነጫማዬ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ጋሼ። ከሾፌሮች ሁሉ የእኔ ቁጥር እንደሚያንስ አውቃለሁ፣ ካፒቴን ደግሞ ከኋላዬ ቆሞ ያያል። ሴትየዋ ቁጥሩን አየች። እኔን አየች። «ውረጂና እንደገና ውጪ» አለችኝ። ወጣሁ። ከዚያ ምንም ሳትል አካፋ አነሳች።

ድንኳኑ ጥግ አሸዋ ተከምሮ ነበር። ስገባ አይቼዋለሁ፣ ለምን እንደሆነ ግን አላሰብኩም። ከረጢት ዘርግታ በአካፋ ትሞላው ጀመር።

«ምን እያደረጉ ነው?» አልኳት።

«ያንቺን ነዋ» አለች። «ሾፌር ሁሉ እኩል ነው፣ ሰማንያ ኪሎ። ቀጫጫ ሾፌር ያለው ቡድን እንዳይጠቀም የጎደለው በአሸዋ ይሞላል። ደንቡን አላነበብሽም?»

ሞልታ አሰረችው፣ አተመችው። ሌላ ከረጢት ዘረጋች። ከእኔ በፊት የተመዘነው ልጅ አንድ ትንሽ ከረጢት በእጁ አንጠልጥሎ ነበር የወጣው። የእኔ ግን አላልቅ አለ። ሴትየዋ አንዴ አካፋዋን አቁማ «የኔ ልጅ፣ ታመሽ ነበር?» አለችኝ።

ዞር ብዬ ዳኛውን አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል። «ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«ሁላችንም እናውቃለን» አለኝ። «ከመጀመሪያውም ሾፌሩን በሰማንያ ነው ያሰላነው። ሰሌዳው ላይ ስትጽፊ... እየቀለድሽ መስሎን ነበር።»

ቀልድ መስሏቸው ነበር። ያን ሁሉ ወር ያጨበጨቡልኝ ለቀልዴ ነው። ደንቡን ተሰብስበው ያነበቡት እኔ ቡድኑን ሳልቀላቀል ነበር። እኔ አላነበበችም ብሎ ያሰበ የለም፤ እኔም «አታውቅም» እንዳልባል የቀረኝን ሳልጠይቅ ኖርኩ። ቁምሳጥን ከረጢቶቹን ሊሸከም ጎንበስ አለና ሳይነሳ ቀረ። ያን ሁሉ ሰውነት ይዞ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። «ትከሻዬ ላይ ሳስቀምጥሽ ቀለሽኝ ነበር እኮ፣ ቀለሽኝ ነበር» ይላል ደጋግሞ።

አሁን አሸዋዬ መቀመጫዬ ጎን ታስሯል። ሰው ሲወጣ ገብቼ ዳሰስኩት። እማዬ በካርቶን ትልክልኝ የነበረው ሁሉ እዚያ ውስጥ ያለ መሰለኝ። በበላሁት ኖሮ ብዬ አለቀስኩ። ለቁምሳጥንና ለሌሎቹ ስሰጠው እያንዳንዱን አሽትቼ ነበር የምሰጣቸው፣ ጋሼ።

ካፒቴን «ቁምሳጥን ተጣጥፎም ቢሆን ይግባ፣ አንቺ እረፊ» አለኝ። እምቢ አልኩ። ለመነኝ፣ እምቢ አልኩ። ከዚህ ወንበር ከወረድኩ ያ ሁሉ ለምን ነበር? አንተ ያስያዝከኝን ሕግ አልረሳሁም። እስቲ ግን ንገረኝ፣ ለምን ነበር?

ያን ቀን በሩ ላይ ስትጠብቀኝ የት እንደነበርኩ ደግመህ ጠይቀኸኛል። እሱን ሌላ ቀን።


ግንቦት 10

ፌንጣዬ፣

በስልክ እንዳላናግርሽ ሆስፒታል ያሉት መናገር ይደክማታል አሉኝ። ረዳቴ ሰሞኑን ከሌላ ሾፌር ጋር ወደ አንቺ ስለሚመጣ ይህን ቀድሞኝ ያደርስልሻል። ለምኜው አይደለም፤ ራሱ መጥቶ «ጻፍና ስጠኝ» አለኝ።

ካፒቴናችሁ ደውሎ ሁሉንም ነገረኝ። በሬዲዮ ሲጠሩሽ ዝም እንዳልሽ፣ መኪናዋ ቀስ እያለች ከአስፋልቱ ወርዳ አሸዋው ውስጥ እንደቆመች፣ ክዳኑ ነፋስ እንዳያስገባ ዙሪያውን በፕላስተር ታሽጎ ስለነበር በጥፍራቸው ቀደው እንዳወጡሽ። ልቆጣው ተዘጋጅቼ ነበር። ልጁ ግን ደጋግሞ «ይቅርታ» ይለኛል፤ «አይዞህ» ብዬው ዘጋሁት።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከስልኩ በኋላ ነው። ለምን ነበር ያልሽኝን መንገዱን ሁሉ ሳስበው ዋልኩ።

ለእማዬ ነገርኳት። ትጮኻለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። ወንበሩን ፈልጋ ቁጭ አለች። «መሪ ይዛ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያ «ርቧት ነው?» አለችኝ። ፌንጣ፣ እኔ ስለ አባባ ለዚህች ሴት ነግሬያት አላውቅም። መንገድ በላው እያለች የኖረችው ሳታውቅ መስሎኝ ነበር። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ታውቃለች፤ እኔ እንዳይከፋኝ ብላ ነው ለካ። አንገቴን ደፋሁ፣ እሷም ተነስታ ጓዳ ገባች።

ሐሙስ ሁለታችንም እንመጣለን። አባባ ከቀረ ወዲህ የእኔን አውቶቡስ ረግጣ አታውቅም። ከጀርባዬ ያለውን ወንበር ይዤላታለሁ።

አንድ ነገር ብቻ። ያን ቀን በሩ ላይ ስለወጣው ልጅ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። አባረርኩት፣ ተመልሶ መጣ። እባክሽ አይደለም በይኝ።

ወንድምሽ


ግንቦት 13

ጋሼ፣

ረዳትህ ደብዳቤህን አልጋዬ ድረስ ይዞልኝ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ ቆመና አየኝ፤ አላጉረመረመም። እሱ ሳያጉረመርም ሲቀር ነው የፈራሁት። መልሱን እስክጽፍ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ጽሑፌን ታገሠኝ፣ ጥቂት እየጻፍኩ አርፋለሁ። ሐኪሟ ልቤ ተጎድቷል ብላኛለች። እነሱ በሚሰጡኝ መጠን ቀስ እያልኩ እበላለሁ። ይድናል ወይ ስላት «እናያለን» አለችኝ እንጂ አዎ አላለችኝም። ለእማዬ እንዳለ ንገራት፣ ሳታሳምር። በዚህ ቤት ሰው እንዳይከፋው እየተባለ ስንት ነገር ተደበቀ።

ትናንት ካፒቴን መጥቶ ነበር። ውድድሩ አልቋል። እኔን ካወጡ በኋላ ቁምሳጥን ጉልበቱን አገጩ ጋር አድርሶ ገባና እስከ መጨረሻው ነዳ። እሱ አሸዋ አያስፈልገውም፤ ከረጢቶቼን ፈትተው መንገድ ዳር ደፏቸው። ስንተኛ እንደወጣን አልጠየቅኩትም። የጠየቅኩት ፍጥነቷ ቀነሰ ወይ ብዬ ነው። ካፒቴን መሬት መሬት እያየ «አልቀነሰም» አለኝ። ከሰሌዳው ላይ ስሜን አጥፉልኝ ብዬዋለሁ። ሞክረው ነበር አለኝ፤ አንዱን ቦታ ደጋግሜ ስለጻፍኩበት ቀለሙ አልለቅ ብሏል።

አይደለም በይኝ ብለኸኛል። ልልህ አልቻልኩም።

ፀጉሬ መርገፍ ሲጀምር ነው የተላጨሁት። ልወጣ ስል አውቶቡስህን ማዶ አየሁትና ጭምብሌን ሳላወልቅ ወጣሁ። አንተ የእማዬን ካርቶን ታቅፈህ ቆመሃል። ልሸሽህ ነበር ያሰብኩት፤ ግን በቀረብኩህ ቁጥር አሁን ያውቀኛል ማለት ጀመርኩ። አሁን ይጮኽብኛል፣ አሁን እጄን ይዞ እየጎተተ አውቶቡሱ ላይ ይጥለኛል። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ከእግረኛው መንገድ ወረድክልኝና «አይዞህ» አልከኝ።

እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ወንድሜ እንኳ እስኪያጣኝ ድረስ ቀለልኩ ብዬ። ማዕዘኑን ስዞር ግን ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ልጠራህ ጭምብሌን ሳወልቅ ፍሬኑ እያለቀሰ መንገዱን ስትታጠፍ ሰማሁህ።

ሐሙስ ስትመጡ በስተቀኝ መስኮቱ ሥር ያለው አልጋ ላይ ነኝ። ፌንጣን አትፈልጋት፣ አታገኛትም። እማዬም እንዳታልፈኝ አስቀድመህ ንገራት። የምታገኙት ያን ልጅ ነው። እባክህ ጋሼ፣ አሁን መንገድ አትልቀቅልኝ።